እንቅልፋሟ

ዓርብ ጀንበር ሳትገባ ከአውቶቡስ ወርዳ፣
የነቬ ዮሴፍን ደረጃ፣ ያን አቀበት ለምዳ፣
ሊሮን የልጄ ልጅ ደረሰች ከጦር ሠፈር፤
ጫማዋ ደጅ ቀረ፣ ከነደቡቡ አፈር።
ካርታውን ነቀለች፣ አፈሙዙን አየች፣
ብረቱን ከፍራሿ ሥር አጋደመች።

«ስሙን ማን ትይዋለሽ?» አልኳት። ሳቀችብኝ።
«ስም የለውም፣ አባባ፤ ቁጥር ነው ያለው» አለችኝ።
ሰባት አኃዝ ወረደች፣ እንደ ዳዊት ሳትሳሳት፤
ልቤ ግን አርማጭሆ ሄደ፣ ወደ አንዲት ስም ያላት።

አባቴ አዛናው ቀጥቃጭ ነው። ቀን ማረሻ የሚያሠሩት
ማታ ጅብ ነው የሚሉት።
አንዱ ባለዕዳ ገንዘብ ቢያጣ ሰባራ ውጅግራ አመጣለት፤
አባቴ ከወናፉ ፊት ሦስት ሌሊት ተቀመጠላት፤
ሞላዋን ከአሮጌ ማጭድ ቀጠቀጠ፣
ሰደፏን ከወይራ ጠረበላት።

ግን ሞላው ማጭድነቱን አልረሳም መሰለኝ፤
ቃታ ስስብ ትተኛለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስክል ታስጠብቀኝ፣
ከዚያ ድንገት ባንና ትጮሃለች፤
ጅግራዋ ያኔ ወንዙን ተሻግራለች።
የመንደሩ ልጆች ሳቁ። እንቅልፋሟ አሏት። እኔ ወደድኳት።
እንደ ሰው ስታስብ፣ ጉንጬን አስጠግቼ አዳመጥኳት።
ሽታዋ ቅቤና ጥላሸት፤
ቅዝቃዜዋ ዛሬም አለ፣ ጢሜን ስላጭ፣ ከምላጩ ስለት።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ድኩላ መታሁ።
ቢላዬን መዝዤ፣ ሳይሞት ልደርስበት፣ እሾህ ለእሾህ ሮጥሁ፤
ሕጉ ሕግ ነው፤ ያልታረደ ጥንብ ነው፣ አይቀመስም።
ደረስሁ። ይተነፍስ ነበር። ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።
እጄ አልተንቀሳቀሰም።

ቆሜ ሳየው ሞተ።
አባቴ መጣ። ጎንበስ ብሎ ቆዳውን ዳበሰ፣ ብዙ ዝም አለ።
ኋላ፣ «ይቺ ብረት የምትተኛው ለምን ይመስልሃል?» አለኝ፤
«ቃታ የሳበ እጅ መጸጸቻ ጊዜ ያስፈልገዋል።»

ሥጋው ለጅብ ሆነ።
ለእውነተኛው ጅብ።

ወደ ሱዳን የወጣን ለት ጨረቃ አልነበረም።
ጠመንጃ የያዘ መንገደኛ ሽፍታ ነው ይሉታል፤ መያዝ አልሆነም።
ለጎረቤት ለይርሳው ሰጠናት፤ «አደራ፣ ቅባት በየክረምቱ!»
ማተቡን ይዞ ማለልን፣ እሱም፣ ሚስቱ።
እኔ ማንገቻዋን ፈታሁ፣ ወገቤ ላይ ጠመጠምኩት፤
በረሃውን ሁሉ የውኃ ቅል አንጠለጠልኩበት።
አባቴ ገዳሪፍ አፈር ቀረ። ማንገቻው አብሮኝ ደረሰ።
አሁን የገበያ ጋሪዬን እጀታ ይዞልኛል፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ሽንኩርትና ዓሣ ይጎትታል።

አምና የይርሳው ልጅ ፎቶዋን ላከልኝ፣ ግድግዳ ላይ ሆና፤
«ጋሼ፣ አደራዎ አለች» አለ፣ «አልነቃችም ገና።»
በሁለት ጣት አሰፋኋት፣ እስክትደበዝዝ ድረስ፣
የአባቴን የመሮ ምልክት ስፈልግ፣ ከሰደፏ ራስ።

ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሰገነት ወጣሁ።
ከቀርሜሎስ ጫካ እሪያዎቹ ሲወርዱ ኮቴያቸውን ሰማሁ፤
እናቲቱ ከፊት፣ ስድስት ግልገል ከኋላ፣ በደረጃው ተሰልፈው፣
እንደ ባለአገር፣ ቀስ ብለው፣ የቆሻሻ ገንዳውን ገፍተው።
ትከሻዬ ቦታውን አወቀ። አንድ ዓይኔ ተከደነ።
ባዶ ጣቴ ሳበ።
አንድ።
ሁለት።
እሪያዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ የሐብሐብ ልጣጭ በአፏ ይዛ።
እንቅልፋሟን ጠበቅኳት፤ ጠበቅኳት።
ግልገሎቹ አንድ በአንድ አለፉ።

ገባሁ። ሊሮን አፏን ከፍታ ተኝታለች፣ እንደ ሕፃንነቷ፣
አንድ እጇ ከአልጋው ተንጠልጥሎ፣ ወደዚያ ባለቁጥር፣ ወደ ጓደኛዋ።
ጉልበቴን ይዤ ጎንበስ አልኩ፤
ለሷ ሳይሆን ለብረቱ፣ ቀስ ብዬ፣ ስም አወጣሁለት።

ጠዋት አልነግራትም።